ራሳቸውን የቻሉ አረጋዊ

ኅዳር 11 ቀን 2112 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት፣ ሶልያና አባቷን ቀስቅሳ ፊታቸውን ልታጥብ ወደ ክፍላቸው ስትገባ፣ አቶ ኪሩቤል ለብሰው ጨርሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ ከረባታቸውን አስረዋል፤ የግራው ጫማ በግራ፣ የቀኙም በቀኝ እግራቸው ላይ ነው። እንዲህ ሆነው ካየቻቸው ሁለት ዓመት አልፏታል።

«ፈተናው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አሏት።

«ፈተና አይደለም አባዬ። የምደባ ባለሙያዋ መጥታ ልታይዎት ነው።»

«ስም አትቀይሪለት። ፈተና ፈተና ነው።»

አቶ ኪሩቤል ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት በርዕሰ መምህርነት መርተዋል። የመሩት የመጨረሻው አንደኛ ክፍል አራት ተማሪዎች ነበሩት። በዓመቱ አንድም አልተመዘገበም። ዴስኮቹ ወጥተው አልጋ ገባ። ሶልያና አሁን የምትሠራው እዚያው ነው፤ 7ለ በሚባለው ክፍል አሥራ አራት አረጋውያን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ለጡረታ አሥራ አንድ ዓመት ይቀራታል። በክፍሉ ከሚሠሩት ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ስለሆነች ከባድ ማንሳት ሲመጣ እሷን ነው የሚጠሩት። እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ አልወለደችም።

ለአሥራ አንድ ወር የጠበቀችው ይህን ቀን ነበር። አባቷ ሦስተኛውን የእርዳታ ደረጃ ካገኙ በቀን ለአራት ሰዓት ሰው ይመደብላቸዋል። ጥቅምት ላይ ከቤት ወጥተው ሰኞ ገበያ አካባቢ በሌሊት ልብስ ተገኝተዋል፤ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ የት እንደሆነ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቁ ነበር። ቧንቧ ከፍተው ይረሳሉ። ትናንት ማታ ሶልያናን «እማዬ» ብለው ጠርተው እራት እንድትሰጣቸው ለምነዋታል። የበሉት ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነበር።

ባለሙያዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ወይዘሮ ሄመን ትባላለች፤ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ጉልበቷ ላይ ማሰሪያ አለ። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ አርፋለች። ውሃ ተሰጣት፤ ጠጣች፤ በዕለቱ የምታያቸው ስድስት ቤቶች እንዳሉና ይህ ሁለተኛው እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ድምፅ ሰምቶ ነጥብ የሚሰጠውን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሽ ኪሩቤል፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ረቡዕ። ኅዳር አሥራ አንድ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት።»

ሶልያና አንገቷን ቀና አደረገች። አባቷ እንዳይጨነቁ ብላ በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ ቀኑን በትልልቁ ትጽፍላቸው ነበር። አጥንተውታል።

«ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ።»

«ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ሁለት። ልቀጥል?»

«ይበቃል። አራት ሰዓት ከሩብ የሚል ሰዓት ይሳሉልኝ።»

ሣሉ። ክቡ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል። አምስት ቃላት ሰምተው፣ ሌላ ወሬ በመሃል ገብቶ፣ አምስቱንም መለሱ። ተነሱ ሲባሉ ተነሱ፤ ተራመዱ ሲባሉ ክፍሉን ዞረው መጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ፈተና ሲያወጡና ሲፈትኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሌላው ሁሉ ከእሳቸው ሲሄድ ይህ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ፈታኝ ፊት ሲቀመጡ የት እንዳሉ ያውቃሉ።

ሶልያና ባለሙያዋን ተከትላ በረንዳ ድረስ ወጣች።

«እንዲህ አይደሉም» አለቻት ድምጿን ቀንሳ። «ይስሙኝ፤ ትናንት እኔን እናታቸው ብለው ነው የጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ቢመጡ ስማቸውን አይነግሩዎትም።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ። የእኔን ቃል ይመዝግቡልኝ።»

«ድሮ የቤተሰብ ቃል ይያዝ ነበር» አለች ወይዘሮ ሄመን። «ሰው ሁሉ አባቴ አይችልም፣ እናቴ አትችልም ሲል ጊዜ አስቀሩት። አሁን መሣሪያው የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ብሆን የምጽፍበት ቦታ የለኝም።» ለመውረድ የደረጃውን ብረት ያዘች። «እኔ ቤትም አንድ አለ። ባሌ። እሱም ፈተናውን አልፏል።»

ሶልያና ስትመለስ አባቷ ከመስታወቱ ፊት ቆመው ከረባታቸውን ያስተካክላሉ።

«ስንት አገኘሁ?»

ውጤቱ ስልኳ ላይ ደርሶ ነበር። «ዘጠና አንድ» አለች።

«ዘጠኙን ምን ላይ ነው የጣልኩት?»

ውጤቱ ሥር የተጻፈው ሁለት ቃል ነበር፤ ራሳቸውን የቻሉ።

በሳምንቱ ሌላ መልእክት መጣ። አቶ ኪሩቤል ራሳቸውን ከቻሉ አረጋውያን ጋር በአጋዥነት ተመዝግበዋል። ከሰኞ ኅዳር 23 ጀምሮ ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወይዘሮ ሐያት የሚባሉ የዘጠና ሦስት ዓመት የአልጋ ሕመምተኛን ይጠብቃሉ። የቤቱ አድራሻም ነበር፤ ከእነሱ ቤት ቁልቁል በእግር አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ሶልያና መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዓርብ ቀን ፈቃድ ለምና ወደ ምደባ ጽሕፈት ቤቱ ወረደች። ወረፋው ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ተቀምጦ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ያናገሯት አቶ ናትናኤል የሚባሉ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። በጆሯቸው ላይ ያለውን ማዳመጫ አስተካክለው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«አምንሻለሁ» አሏት። «እኔ ስላመንኩሽ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ይግባኝ አስገቢ። በዘጠና ቀን ይመለሳል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ምደባው ይጸናል።»

«አልሄድም ቢሉስ?»

«ቤተሰቡ የማይተባበር ተብሎ ይመዘገባል። ጤና ጣቢያው ተራችሁን አይጠራም። ለአምቡላንስ ብትደውሉም…» ወረቀት አገላበጡ።

«ሴትየዋስ? ለእሳቸውስ አታስቡም? አእምሮው የሄደ ሰው ነው የምትልኩባቸው።»

አቶ ናትናኤል ወረቀቱን አስቀመጡ። «ከአባትሽ በፊት የነበሩት አጋዥ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። መስከረም ላይ አረፉ። ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ከምትመጣው ሠራተኛ በቀር ከዚያ ወዲህ ያንን በር የከፈተ የለም። አባትሽ ካልሄዱ የሚሄድ ሰው የለኝም ልጄ። ዝርዝሩን ላሳይሽ እችላለሁ። ባዶ ነው።»

ይግባኙን ያስገባችው በዚያው ቀን፣ ኅዳር 20 ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አባቷን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። መንገዱ ግራና ቀኙ የእጅ መያዣ ብረት ተተክሎለታል፤ በብርድ ጊዜ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተነሣም ነበር። አቶ ኪሩቤል ሱፋቸውን ለብሰዋል። ወዴት እንደሚሄዱ ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሐያት ከመስኮቱ ሥር ተኝተው በር በሩን ያዩ ነበር። ከአንገታቸው በታች ከቀኝ እጃቸው በቀር የሚታዘዝላቸው ነገር የለም። ድምፃቸው ግን ሙሉ ነው። ሠላሳ ዓመት መነኻሪያ ትኬት ሲቆርጡና ሰው ሲያሰልፉ የኖሩ ሴት ነበሩ።

ሶልያና መዋሸት አልቻለችም። አባቷ ጓዳውን ሲያዩ ጊዜ ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሐያት ሰምተው ሲጨርሱ፣ «መራመድ ይችላሉ?» አሉ።

«ይችላሉ።»

«እጃቸው ያነሣል?»

«ያነሣል።»

«አልሐምዱሊላህ። ሀሳቡን እኔ አስባለሁ። ሂጂ አንቺ፣ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ ልጄ።»

ሶልያና ያን ቀን 7ለ ውስጥ ሁለት ሰው ሳታጥብ ቀረች፤ ሀሳቧ ቁልቁለቱ ሥር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ እየሮጠች ስትደርስ አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ሐያት በግራ ጎናቸው ተኝተዋል፤ ብርጭቆው ታጥቧል።

«መምህር» ይሉ ነበር ወይዘሮ ሐያት፣ «ቀይዋን ክኒን አቀብለኝ።» አቶ ኪሩቤል ክኒኖቹ ላይ ሲያመነቱ፣ «እሷ ሰማያዊ ናት። ከጎኗ ያለችውን። አዎ። አሁን ውሃ። አሁን ትራሱን ከፍ።» እያንዳንዱ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይመጣም። አቶ ኪሩቤል ወይዘሮ ሐያትን ትምህርት ቤታቸውን ልትጎበኝ የመጣች ሱፐርቫይዘር አድርገው ወስደዋቸዋል። ባዘዟቸው ቁጥር ቀጥ ብለው ይነሣሉ።

ግድግዳው ላይ ጠያቂ የሚሉት ሣጥን ነበር። በየሰዓቱ፣ «ሁሉም ደህና ነው?» ይላል። የሚቀበለው የአጋዡን ድምፅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሐያት ያንንም አስተማሯቸው፤ «ሲጠይቅህ ደህና ነው በል። ሌላ አትጨምር።» በመጀመሪያው ሳምንት በየጊዜው ማስታወስ ነበረባቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኑ ሲጠይቅ አቶ ኪሩቤል ራሳቸው ይመልሱ ጀመር። ምግብና መታጠቡን ሶልያና ጠዋት ወርዳ፣ ከሥራም መልስ ገብታ ትሠራዋለች። ጀርባዋ ይቆርጣታል። ቢሆንም ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ፤ ማንም አልወደቀም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ሲሳሳቁ ከውጭ ሰማች። በር ላይ ቆማ አዳመጠች። ወይዘሮ ሐያት ለአንድ ትኬት ሁለት ሆነው ስለተጣሉ መንገደኞች ያወሩ ነበር። አባቷ ከልባቸው ይስቃሉ። ወሬውን ትናንትም ሰምተውታል፤ ከትናንት በስቲያም። ወይዘሮ ሐያት ይህንን ያውቃሉ፤ እንደ አዲስ ነው የሚነግሯቸው።

«አባትሽ ጥሩ ሰሚ ናቸው» አሏት ስትገባ። «ልጄ በስልክ፣ ይህን ነግረሽኛል እማ፣ ነው የሚለኝ።»

ልጃቸው ጅግጅጋ ነው። ሰባ ዓመቱ ነው። እሱም የተመደቡለት አሥራ ስድስት ሰዎች አሉት።

ሶልያና ያን ቀን ዳገቱን ስትወጣ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ነበር፤ ይግባኙን ብተወውስ ብላም አሰበች። እዚያ ቤት ውስጥ አባቷ ሰው ሆነዋል። ሴትየዋም ሰው አግኝተዋል።

ጥር 19 ሰኞ ነበር። ጠዋት ወይዘሮ ሐያት ትንሽ ራሴን ከበደኝ ብለው ነበር፤ ሶልያና ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ አይተኩስም። ጤና ጣቢያ ደወለች፤ ተራ ያዘችላቸው፤ ለሐሙስ ተሰጣቸው። ሠራተኞችን የሚወስደው መኪና እላይ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስትገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አባቷ አልጋው አጠገብ ቆመዋል። ተቀምጠው አይደለም፤ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆመው ነው። ወይዘሮ ሐያት አፋቸው በአንድ በኩል ተንጋዶ፣ ዓይናቸው ግማሹን ተከፍቶ፣ በጀርባቸው እንደተኙ ናቸው። ሶልያና እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል። ሥራዋ ነውና ከሞቱ እንደቆዩ በመንካት ታውቃለች።

«አባዬ። መቼ ነው ዝም ያሉት?»

«ማን?»

«ወይዘሮ ሐያት።»

«ዛሬ አላዘዙኝም» አሉ አቶ ኪሩቤል። «ሲያዙኝ ነው የምሠራው። እየጠበቅሁ ነው።»

ክኒኖቹ በየሣጥናቸው ነበሩ። ጠያቂው ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ጊዜ ጠይቋል፤ ስምንት ጊዜም መልስ አግኝቷል። እነዚያን ሁሉ ሰዓታት ቆመው እንደሆነ የአባቷን እግር አይታ አወቀች፤ ከጫማቸው በላይ አብጦ ነበር።

በማግስቱ ቀበሯቸው። አስከሬኑን ከመኪናው አንሥተው እስከ ጉድጓዱ የወሰዱት አምስት ወንዶች ናቸው፤ ታናሹ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሃያ እርምጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳርፈዋል። ሸኹ ሶላቱን ያሰገዱት በወንበር ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ከጅግጅጋ ፈቃድ አላገኘም፤ በስልክ ድምፁን ብቻ ሰሙት።

ሶልያና እዚያው ቆማ እስኪጠይቋት ጠበቀች። ፖሊስ ይመጣል ብላ ነበር፤ ከጽሕፈት ቤቱም ሰው ይልካሉ ብላ ነበር። የምትናገረውን አዘጋጅታለች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ራሴን ከበደኝ ሲሉ እየሰማሁ ሄድኩ ልትል ነበር። ማንም አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ስልኳ ላይ አንድ መስመር ደረሰ፤ የሟች ዕድሜ ዘጠና ሦስት፣ አሟሟት የሚጠበቅ፣ አጋዡ በቦታቸው ነበሩ።

በዚያው ቀን ጤና ጣቢያውም ደወለ። የወይዘሮ ሐያት ተራ ደርሷል።

አባቷ ለጥቂት ቀናት በየጠዋቱ ሱፋቸውን ለብሰው በሩ ጋ ይቆሙ ነበር። «ሱፐርቫይዘሯ ትጠብቀናለች» ይላሉ። ሶልያና መጀመሪያ ላይ ሞተዋል ብላ ነገረቻቸው፤ አለቀሱ። በማግስቱ ደግመው ሲጠይቁ ደግማ ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬ እረፍት ነው አለቻቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን ስትቆርጥላቸው በድንገት ስሟን ጠሩ። ስሟን ከጠሩ ቆይተው ነበር።

«ሶልያና።»

«አቤት አባዬ።»

«ያቺ ሴትዮ። ለሞቷ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አይደል?»

ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው የድሮው ዓይናቸው ነበር፤ አንድ ነገር ሲጠይቁ መልሱን እስኪያገኙ የማይነቀለው።

«አይደሉም» አለች። «ዕድሜያቸው ነው። ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያለው።» ሐኪም የሚባል ሰው አልመጣም ነበር።

«ከእንግዲህ እንዳትልኪኝ።»

«አልልክዎትም።»

«ማይልኝ።»

«እማምላክን።»

እጃቸውን መልሰው ሰጧት። ቀጣዩን ጥፍር ስትቆርጥ፣ ማን እንደሆነች በትሕትና ጠየቋት።

የይግባኙ መልስ የካቲት 20 ቀን፣ ልክ በዘጠናኛው ቀን መጣ። ቀኑን አላዛነፉም። አመልካቿ አቶ ኪሩቤል ራሳቸውን የቻሉ አይደሉም በማለት ያቀረበችው አቤቱታ ተመርምሯል። አረጋዊው በምደባቸው ላይ አርባ ዘጠኝ ቀን ያለ አንድ መቅረትና ያለ አንድ መዘግየት ተገኝተዋል። ለቀረበላቸው ጥያቄ ሁሉ በሰዓቱ መልስ ሰጥተዋል። ይህም የውጤቱን ትክክለኛነት ስለሚያረጋግጥ አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል። ከሥሩ አዲስ ስምና አዲስ አድራሻ ነበር፤ ከሰኞ የካቲት 24 ጀምሮ።

ሶልያና አቶ ናትናኤል ዘንድ ወረደች። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ በዕድሜ ከእሳቸው የሚበልጡ ሴት ናቸው። አቶ ናትናኤል የት እንደሄዱ ጠየቀች።

«ታመሙ» አሏት። «በምን ልርዳሽ?»

ነገረቻቸው። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ሰሟት፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አዝናለሁ አሉ። ሌላ ይግባኝ ማስገባት እንደምትችል፣ መልሱም በዘጠና ቀን እንደሚመጣ ነገሯት። ሶልያና ቅጹን ተቀብላ ሞላችው።

ሰኞ ጠዋት አባቷን ሱፋቸውን አለበሰቻቸው። አዲሱ ቤት ሆጤ አካባቢ ነው፤ ምድር ቤት ነው። ሕመምተኛው አቶ ኢዩኤል ይባላሉ፤ ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው። ስለ እሳቸው የተላከው መረጃ አጭር ነበር፤ የአንጎል ደም ሥር ሕመም፣ መንቀሳቀስ የለም፣ መናገር የለም።

በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ክፍሉ ሽንት ሽንት ይላል። ሰውየው በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ሁለት ዓይኖቻቸው ብቻ ዞረው እነሱን አዩ።

አቶ ኪሩቤል ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ አልጋው ቀረቡ። «ኪሩቤል እባላለሁ» አሉ። «ምን ልታዘዝ?»

ከአልጋው መልስ አልመጣም። አቶ ኪሩቤል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

ሶልያና አንሶላውን ቀየረች። ሰውየውን አጠበች፣ በማንኪያ ውሃ ሰጠቻቸው፣ በግራ ጎናቸው አስተኛቻቸው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይናቸው ከእሷ ላይ አልተነሣም። ዓይናቸው ንጹሕ ነበር። ሁሉንም ነገር የሚከታተል ሰው ዓይን ነው። አባቷን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፣ ተመልሰው አባቷን ያያሉ። ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሆን ገብቷቸዋል።

«በስድስት ሰዓት መጥቼ አይዎታለሁ» አለቻቸው። እንደማይፈቀድላት ታውቅ ነበር።

ወንበር አምጥታ አባቷን አስቀመጠቻቸው። እሷ ስትሄድ ተመልሰው ተነሡ። እንደገና አስቀመጠቻቸው።

ወደ ደጅ ወጣች። የሠራተኞቹ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ቁልፉ በሩ ላይ በውጭ በኩል ተሰክቷል። ካልቆለፈችው አባቷ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ዋናው መንገድ ሃያ እርምጃ ነው። ከቆለፈችው አንድ ነገር ቢሆን ሁለቱም መውጣት አይችሉም፤ መቆለፍም ክልክል ነው፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። መኪናው ሁለተኛ ነፋ። በበሩ ስንጥቅ ውስጥ ስታይ ሰውየው አሁንም ወደ እሷ ይመለከቱ ነበር።

ቆለፈችው። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ ወደ መኪናው ሮጠች።